ከግድግዳው ማዶ የተሰማው አምፕሊፋየር

ሲዲ በል ዓባስ፣ ዓርብ፣ ነሐሴ 24

ሚሉዴ፣ የበኩር ልጄ፣

እንዴት ነህ? እየበላህ ነው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የአባትህ የጉልበት ሕመም እንኳ ሙቀቱ ተስማምቶት ዝም ብሏል።

የጊታሬን አምፕሊፋየር ላኩልኝ ያልክበትን ደብዳቤ አባትህ ሁለቴ አስነበበኝ። ሞንትሪያል የገዛኸው ጨው እንደሌለው ወጥ ሆኖብህ የለ? «ስንት ዓመት ጆሮዬን ያደነቆረው ዕቃ ናፈቀው?» ብሎ ሳቀ። ግን አናጢ አይደል፣ በማግስቱ ሣጥን ሠርቶ አሸገው። ነገ ወንድሜ ቃዳ ኦራን ወደብ ሊወስድልህ ነበር።

አልተላከም፣ ልጄ። ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ትናንት የጎረቤታችን የመብሩካ ልጅ ተዳረች። በሴቶቹ ድግስ የሚዘፍኑት ሴት ዘፋኞች መኪናቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀሩ፤ ሙሽራዋ ልታለቅስ ደረሰች። እህትህ ኸይራ ብድግ ብላ ወጣች። ትተህላት የሄድከውን ጊታር አንግታ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ያንን ሣጥን ተሸክማ በጓሮ በኩል ገባች።

«አባትሽ ይገድልሻል» አልኳት።

«ለዛሬ ብቻ፣ እማ። ነገ ራሴ ምስማሩን እመታዋለሁ።»

ከዚያማ ምን ልበልህ። ያስተማርካትን ሁሉ ተጫወተችው፤ ያላስተማርካትንም ጨምራ። መቆም የሚቸግራቸው አሮጊቶች ሳይቀሩ ጨፈሩ። ወላሂ ኮራሁ። ለማላውቀው ሰው ሁሉ እናቷ ነኝ እያልኩ ስዞር አመሸሁ።

ጉዱ ያለው ውጭ ነው። ወንዶቹ ከግድግዳው ማዶ ሻይ ይጠጣሉ። የአንተን አምፕሊፋየር ድምፅ ደግሞ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ የሌላ ሰው እንዲያ አያቃስትም። «ሚሉድ መጥቷል» ተባለ። የሙሽራዋ አጎት ነገሩን ሲያስበው ቱግ አለ።

«ሐጂ ቡዚያን፣ ልጅዎ ሴቶቻችን መሃል ገብቶ ምን ይሠራል?»

አባትህ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ማን እንደምትጫወት በሩን ከምትጠብቀው ሴትዮ ሰምቷል። ኸይራ ጊታር እንደምትነካ ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ያ ሁሉ ወንድ ፊት ዞሮ «ወንድ አልገባም። የምትጫወተው ልጄ ኸይራ ናት። ያስተማራት ወንድሟ ነው። ሁለቱም የእኔ ናቸው» አለ። 

ዛሬ ጠዋት የሣጥኑን እንጨት ለአምፕሊፋየሩ ማስቀመጫ አደረገው። የእሷ ሆኗል። ብትቆጣም ተቆጣ፤ እኔም አልመልስልህም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እንደጻፍኩልህ አባትህ እንዳያውቅ። አጠገቡ ተቀምጦ የነበረው ቃዳ ነው የነገረኝ። የሙሽራዋ አጎት ቱግ ከማለቱ በፊት፣ ገና ድምፁ እንደተሰማ፣ አባትህ ሻዩን አስቀምጦ ተነሳ። ቆቡን አስተካከለ። ከዚያ ያንን ጉልበቱን ረስቶ ወደ በሩ ሮጠና ለበረኛዋ ሴትዮ «ሚሉድን ጥሪልኝ» አላት።

በሄድክበት ሁሉ አላህ ከፊትህ ይቅደም፤ እጆችህን ይባርክልህ።

እናትህ ያሚና