ሥራ አጥ ለመባል

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሥራ የላትም የሚል ወረቀት ካላመጣሽ መንግሥት ያሠራውን የመሥሪያ ሼድ አታገኚም ተባልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰቆጣ ላይ ማር ሳጣራ የኖርኩ ሴት! የሥራ ዕድል ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ሙሉቀን መመሪያውን በጣቱ እያሳየ፣ «ሼዱ የተሠራው ለሥራ አጦች ነው እትዬ። እርስዎ ደግሞ ንግድ ፈቃድ አለዎት» አለኝ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ልኩን ነግሬው እወጣ ነበር። ከጀርባው «ንግድን እንደግፋለን፣ ሕዝባችን ይበለጽጋል» የሚል ጨርቅ ግድግዳውን ሞልቶታል። እኔ ከሕዝቡ አልቆጠርም ማለት ነው?

አከራዬ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ ብሎኛል። ስንት በር አንኳኳሁ! ማር ነው ስላቸው ንብ ይመጣብናል ይላሉ። ሼዱ የሲሚንቶ ወለል አለው፣ ውኃ አለው፣ የሚቆለፍ በር አለው። ካላገኘሁት ማሬን ይዤ ሜዳ ላይ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ፈቃዴን መለስኩ። ለማውጣት ጫማዬ እስኪያልቅ ተመላልሼበት ነበር፤ ለመመለስ ግማሽ ቀን አልፈጀም። መዝገብ ያዧ «ምነው፣ ከሰሩ እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ ልደገፍ ነው» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ ኮሚቴ መጥቶ ቤቴን ያያል፣ ሥራ አጥ መሆኔን ያረጋግጣል። ስለዚህ ዕቃዬን እህቴ ዘውዴ ቤት አጋዝኩ፦ ሦስት በርሜል፣ ባልዲዎቹ፣ ማጣሪያው ጨርቅ፣ ሚዛኑ። ግቢውን ግን ብጠርገው ባጥበው የማሩ ሽታ አልለቅ አለ።

ዘውዴ «እንደ ሌባ የገዛ ዕቃሽን ትደብቂ?» አለችኝ። ሰደብኳት። እውነቷን ስለሆነ ነው የሰደብኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ማር የሚቆረጠው ደግሞ አሁን ነው! መመሪያ ያወጡት ሰዎች ቀፎ አይተው ያውቃሉ? ዛሬ ሁለት ገበሬዎች ጄሪካን አሸክመው መጡ፣ «ታምሜአለሁ» ብዬ መለስኳቸው። ማዶ ያለው ነጋዴ ከደጄ ላይ ተቀበላቸው።

የሚያሳስበኝ አያ ንጉሤ ናቸው። ከደሃና ሁለት አህያ ጭነው ይመጣሉ፣ ነጭ ማር፣ ጭስ ያልበዛበት። ሥራውን ስጀምር ያመነኝ ሰው አልነበረም፤ እሳቸው ናቸው ማራቸውን በዱቤ ሰጥተው ያቆሙኝ። ለልጄም የክርስትና አባት ናቸው። እንዳልደውልላቸው እሳቸው ያሉበት ስልክ አይሠራም። ግን ሁልጊዜ ከቁስቋም በኋላ ነው የሚመጡት። ቁስቋም ቅዳሜ ነው፣ ኮሚቴው ነገ። እሳቸው ሳይደርሱ ያልቃል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ኮሚቴው መጣ። ሙሉቀን፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና አንዲት ሴት። ሊቀመንበሩ የልጁን ሠርግ ጠጅ የጣለው በእኔ ማር ነው። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ሙሉቀን «ምንም ሥራ የለዎትም?» አለኝ፣ «ምንም» አልኩ። እየጻፈ ሳለ በሩ ላይ የአህያ ኮቴ ተሰማ።

«እንዴት ሰነበትሽ ልጄ! ዘንድሮስ ማሩ በረከት ነው!»

አያ ንጉሤ። ላብ በላብ ሆነው፣ ደስ ብሏቸው። ዘንድሮ ማሩ ስለበዛ ቀድመው መውጣታቸው ነው።

ሙሉቀን ብዕሩን አነሣ። «እኚህ ሰውዬ ማናቸው?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላውቃቸውም፣ ቤት ተሳስተው ይሆናል» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

አያ ንጉሤ አዩኝ። አህዮቹን አዞሩና በኽምጣና አንድ ነገር ብለው ሄዱ። ሙሉቀን ቋንቋው አይገባውም። እኔና ሊቀመንበሩ ገብቶናል። እዚህ አልጽፈውም።

ሙሉቀን ፈረመ። ሊቀመንበሩም ፈረመ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

የሥራ አጥ ካርድ ከነፎቶው ተሰጠኝ። ቀጥሎ የሼዱ ቁልፍ። ለፎቶ አሰልፈው አስጨበጨቡን። መዋሸት አልችልም፣ ቁልፉን ስይዝ ለአፍታ ደስ ብሎኛል።

ከሰዓት ዘውዴ መጥታ ነገረችኝ። አያ ንጉሤ ትናንት ማራቸውን ለማዶው ነጋዴ አራገፉ። ያደሩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው አለች። አሥራ ሁለት ዓመት እኔ ቤት ሲያድሩ የኖሩ ሰው!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሼዱ ሰፊ ነው። በርሜሎቼን ብደረድራቸው አንዱን ጥግ እንኳ አልሞሉም። ቀኑን ሙሉ በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ፣ የደሃና ሰዎች እያዩኝ አለፉ። አንዱን በስሙ ጠራሁት፤ ሰላምታ ሰጥቶኝ ወደ ማዶ ተሻገረ። ወሬው ከአህያ ይፈጥናል።

ሙሉቀን ብቅ ብሎ «እትዬ፣ እስከ ረቡዕ ምርት ካልገባ ሼዱ ለተጠባባቂ ይተላለፋል፣ መመሪያው ነው። ንግድ ፈቃድም ያስፈልግዎታል» አለኝ። የመለስኩትን ፈቃድ! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ። ልጁ ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ነገ አያ ንጉሤ ዘንድ፣ ደሃና አምደወርቅ እሄዳለሁ። ማሩን ሌላው ጋ አገኘው ይሆናል፣ እሳቸውን ግን ሌላ የት አገኛለሁ?

እሑድ፣ ኅዳር 7። አምደወርቅ

በሚኒባስ መጥቼ ከዚያ በእግሬ መንደራቸው ደረስኩ። ደጃፋቸው ላይ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። እንደ ወጉ ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አድርጌ በፊታቸው ተንበረከኩ። ማልቀስ አልፈለግኩም፣ አለቀስኩ።

ፈጥነው ተነሡ። ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱልኝ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ፣ ሽማግሌዎቹም ደገሙት። አብልተው አጠጡኝ። የልጄን ትምህርት ጠየቁኝ፣ በስሙ ጠርተው። ልቤ ትንሽ ተመለሰችና «ከዘንድሮው የቀረ ማር ይኖር ይሆን?» አልኩ።

«አለቀ። የከርሞውንም ለዚያ ለነጋዴው ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። ቁጣ የለበትም፣ እንዲያው ነገሩን ነገሩኝ።

እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና «በሉ ወይዘሮ፣ ሳይመሽብዎ ይሂዱ» አሉኝ።

ወይዘሮ።

አሁን አልጋ ተከራይቼ ተኝቻለሁ። የሥራ አጥ ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ውሸት የለበትም። ረቡዕ ለሙሉቀን ምን እንደማሳየው አላውቅም።