የእሳት እራት ፍለጋ፣ ያለ አንተ

ጌትዬ፣ የእኔ ሰው፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሣሁና ግራ ገባኝ። ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን አወጣን፤ ዘመድ አዝማዱ በልቶ ጠጥቶ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ደብረ ታቦር እንደምታውቃት ናት፤ ብርዷ አልለቀቃትም። አንተን የተካው የባዮሎጂ መምህር ጥሩ ልጅ ነው፤ ብቻ በረሮ ሲያይ ወንበር ላይ ይወጣል አሉ። ልጃችን ትዕግሥት ባሕር ዳር መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ እያለች ትነዘንዘኛለች። ደክሞኛል ጌትዬ። የተማሪ ደብተር ሳርም ያንገላጀኛል፤ ጋደም ስል ደግሞ እንቅልፉ ይጠፋል።

ባለፈው ሳምንት በየዓመቱ አብረን እንሄድባት ወደነበረችው ደሴታችን ሄድኩ። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቄ በሐሙሲት አድርጌ ባሕር ዳር ወረድኩ፤ ከዚያ በጀልባ ጣናን ተሻገርኩ። ያረፍኩት ያው እማማ ብርቄ ቤት ነው። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ የእሳት እራት ፍለጋ ነው የመጣነው ብትላቸው፣ እራቱማ እሳት ላይ ነው፣ ትንሽ ታገሡ ብለው ዓሣ ወጥ አቀረቡልን። አንተም ጥርግ አድርገህ በላህ። ዘንድሮም ያንን እያነሡ ሳቁ፤ ቀጥለውም አለቀሱ።

የእሳት እራት የሚለውን ስም አትወደውም ነበር። ሲቃጠሉ አይተን እራት አልናቸው እንጂ አኗኗራቸውን ማን ጠየቀ ትለኛለህ፤ እኔም የአማርኛ መምህር ነኝና ለቋንቋዬ እሟገታለሁ። ስንቱን ዓመት በዚህ ተጨቃጨቅን!

የመጨረሻውን ጊዜ ግን አብሬህ አልሄድኩም። ደክሞኝ ነበር። ለትል ልጅ ብዬ ባሕር አልሻገርም አልኩህ። ብቻህን ሄድክ፤ በተመለስክ በአሥራ አምስት ቀንህ አረፍክ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በየቀኑ ይቆጨኛል።

እንዳስተማርከኝ ሲመሽ ነጠላዬን ገመድ ላይ ዘርግቼ ፋኖሱን አጠገቡ አኖርኩ፤ ጎሕ ሲቀድ ሄጄ አየሁ። አሥራ ሦስት አርፈዋል። አንዱን አይቼው የማላውቅ ዓይነት ነው ብዬ ተጠንቅቄ ሣልኩት፤ በእርሳስ ጫፍ ብነካው ደረቅ ቅጠል ሆኖ ወደቀ። ከውኃው ሁለት ጉማሬ ጆሯቸውን አውጥተው ያዩኛል። ብቻዬን ሳቅሁ።

የቀሩትን ለመለየት ማስታወሻ ደብተርህን ገለጥኩ። እስከዚያ ቀን የፈራሁት ገጽ መጣ፤ ብቻህን የሄድክበት ገጽ። ጽሑፍህን አነበብኩ። ባለ ግራጫ ክንፍ፣ አራት አየን። ዓሣ አሞራ አየን። ጉማሬ ከነግልገሏ አየን። ከላይ እስከ ታች አየን፣ አየን ይላል። አንድም ቦታ አየሁ የሚል የለም።

ዕድሜዬን ሙሉ በቀይ ሳሰምርበት የኖርኩት ስሕተት ነው። አንድ ሰው ሆኖ አየን አይባልም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አላረምኩትም።

ከሥሩ የዘንድሮውን ጻፍኩ። አሥራ ሁለት የእሳት እራት፣ ሁለት ጉማሬ፣ አንድ ደረቅ ቅጠል አየን። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ ለከርሞ ጉልበቴ ይሻገር አይሻገር አላውቅም። ነገር ግን ጌትዬ፣ እስካለሁ ድረስ በነጠላ ቁጥር አልጽፍም።

ያንተው ሙሉ