ወይዘሮ ራይና ባለቤታቸውን ያስጠኑት ነገር

ወይዘሮ ራይና ሃሪዛኖቫ ከአባታቸው ከአቶ ላዛር ቶንቼቭ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጊንካ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1949 በቡልጋሪያ፣ በካሎፈር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአውቶቡስ ሾፌር፣ እናታቸው ዳንቴል ሠሪ ነበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በካርሎቮ አጠናቀዋል። ከእናታቸው የዳንቴሉን ሙያ ባይወርሱም ትዕግሥቱን ወርሰዋል ይባላል። እኔ የባለቤታቸው እህት ዶንካ ነኝ፤ ትዕግሥታቸው ለእኔ የታየኝ ግን ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ነው።

በ1970 ከፕሎቭዲቭ የሕክምና ኮሌጅ በራጅ ባለሙያነት ተመርቀው በዚያው ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ተቀጠሩ። በኋላም ሲቲ ስካን ሲገባ በመሣሪያው እንዲሠለጥኑ ከተመረጡት ጥቂት ሰዎች አንዷ ሆኑ። ምስል የሚያነቡት ሐኪሞቹ ቢሆኑም፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው መነጽራቸውን ከማድረጋቸው በፊት "ራይና ምን አለች?" ይሉ እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ። ይህንንም ወይዘሮ ራይና ያውቁት ነበር፤ ትንሽም ኮርተውበታል።

በ1972 ከወንድሜ ከሚንኮ ሃሪዛኖቭ ጋር ተጋቡ፤ በ1974 ልጃቸውን ኔዳን ወለዱ። ሚንኮን "እርሳቸው" እያልኩ አልጽፍም። ታናሼ ነው፤ አፍንጫውን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ አናጺ ነበር፣ እጁም የተባረከ ነበር።

በሴፕቴምበር 1986 ካሎፈር ባለው የወይዘሮ ራይና ወላጆች ግቢ የዋልነት ፍሬ ስናራግፍ ሚንኮ ረጅሙን ዘንግ ይዞ ዛፉ ላይ ወጣ፤ ቅርንጫፉ ተሰበረና በጭንቅላቱ ወደቀ። በእኛ አካባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በየመኸሩ አንድ ሰው ይወድቃል። ሦስት ቀን ራሱን ስቶ ቆየ። የጭንቅላቱን ምስል በሲቲ ስካን ያነሡት ወይዘሮ ራይና ራሳቸው ነበሩ። ምስሉ ንጹሕ ሆነ፤ ሐኪሙም ፈርሞበት በስድስተኛው ሳምንት ሚንኮ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሳንቃውን ይለካል፤ መጋዙን እስኪያነሣ ልኬቱ ይጠፋዋል። ዓመት ሳይሞላው ከፋብሪካው አሰናበቱት። ቤት ውስጥ አንዱን ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ይጠይቃል። ወይዘሮ ራይናም፣ "ምስልህን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ጭንቅላትህ ምንም አልሆነም። ሰንፈህ ነው እንጂ አልታመምክም" ይሉታል። ይህን ዐሥራ አንድ ዓመት ብለውታል። እኔም ዳር ቆሜ "ባልሽን አታሞላቅቂው" እያልኩ ነገሩን አባብሻለሁ፤ እዚህ ልደብቀው አልችልም። ሚንኮ ራሱን "እኔ ሰነፉ" ብሎ መጥራት ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት አዲስ የተማረው ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነበር።

በ1997 ሆስፒታሉ የኤምአርአይ መሣሪያ አስገባ። ለሙከራ የሚተኛ ጤነኛ ሰው ሲፈለግ ወይዘሮ ራይና ባለቤታቸውን ይዘው ሄዱ፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሌለው እሱ ስለነበር ነው። አዲሱ መሣሪያ አሮጌው ያላየውን አየ። በአንጎሉ ውስጥ የድሮ ደም ነጠብጣቦች ተበታትነው ቀርተዋል፤ ግራና ቀኙን የሚያገናኘውም ክፍል ሳስቷል። ወይዘሮ ራይና ምስሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሚንኮ ልብሱን ወደሚለብስበት ክፍል ገቡ።

"ይቅር በለኝ ሚንኮ። ያኔም ታመህ ነበር" አሉት።

"ምን አድርገሽኝ?"

ነገሩት። "ተይው እባክሽ፣ ይቅር ብያለሁ" አላቸው፤ የጫማውን ማሰሪያ ሳይጨርስ ረሳው። በማግስቱ እንደገና ይቅርታ ጠየቁት። አራት ቀን እንዲሁ ሆነ፤ በአምስተኛው ቀን ተዉት። "ይቅርታውን የምፈልገው ለራሴ ነው፤ ለእሱ ሌላ ነገር ነው የሚያስፈልገው" አሉኝ። እኔ ወይዘሮ ራይናን የወደድኳቸው ያን ቀን ነው፤ ከተጋቡ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከዚያም በአርባ ስምንት ዓመታቸው እንደገና ተማሪ ሆነው፣ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ማስታወስ ያቃታቸውን ሰዎች የማሠልጠን ሙያ ሶፊያ እየተመላለሱ ተማሩ። በ1999 በሆስፒታሉ ምድር ቤት የራጅ ፊልም ይቀመጥበት የነበረውን ክፍል አስጠርገው ሥራ ጀመሩ። በሩ ላይ "እዚህ ክፍል መገመት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጠፉ። ቤተሰብ የታመመውን ሰው "እስቲ አስታውስ፣ እስቲ ሞክር" እያለ ሲጨቀጭቀው ከሰሙ ይቆጡ ነበር። "ተሳስቶ ከመለሰ አእምሮው ውስጥ የሚቀረው ስሕተቱ ነው፤ እኛ ጤነኞቹ ስሕተታችንን እናስታውሳለን፣ እሱ ግን መሳሳቱን ይረሳና ስሕተቱን ይይዛል" ይሉ ነበር። መልሱን አስቀድመው ይነግሩታል፣ ያስደግሙታል፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ያስደግሙታል፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ በማግስቱ። ሚንኮ ሰው ከመጠየቁ በፊት ከሸሚዝ ኪሱ ማስታወሻውን አውጥቶ ማየትን ለመልመድ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀበት። ከለመደ በኋላ ግን ብቻውን ዳቦ ቤት ደርሶ ይመለስ ጀመር። "እኔ ሰነፉ" ማለቱን ግን ጨርሶ አልተወም።

ወይዘሮ ራይና ሁልጊዜ የሚያነሡት አንድ በሽተኛ ነበር። ሰውየው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እናቱ ይሞታሉ። ወንድሞቹ አዝነውለት "ሂሳርያ ፍል ውኃ ሄዳለች" አሉት። ወደ ወይዘሮ ራይና ክፍል ሲያመጡት፣ በየእሑዱ አውቶቡስ እየተሳፈረ እናቱን ፍለጋ ሂሳርያ መመላለስ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ለፉበት፤ አልተሳካላቸውም። በ2009 ጡረታ ወጡ፤ ከዚያም በኋላ ዐሥር ዓመት ያለ ደመወዝ አገልግለዋል።

በጃንዋሪ 2023 የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ሞትን እንደፈሩ አላየሁም። የፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም እኔንና ኔዳን አስቀምጠው ነገሩን፤ "ሚንኮ በየጠዋቱ እየተነሣ 'ራይና የት ሄደች?' ይላል። እናንተም አንጀታችሁ አይችልም፣ ትዋሹታላችሁ። ዕድሜውን በሙሉ ሲጠብቀኝ ይኖራል" አሉ። እንደማንዋሽ ማልንላቸው። አላመኑንም።

ከአፕሪል ጀምሮ ራሳቸው ያስጠኑት ጀመር። "ራይና ታማለች። አልጋው ባዶ ሲሆን ሞታለች ማለት ነው። ካሎፈር፣ እናቷ አጠገብ ትቀበራለች።" ሚንኮ ይደግማል፤ ያለቅሳል። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ይደግማል። ከሰዓት በኋላ ሲነግሩት እንደገና ገና አሁን እንደሰማ ሆኖ ያለቅሳል። ኔዳ ማየት አቅቷት ከቤት ትወጣ ነበር። እኔ ግን አልቻልኩም፣ ተናገርኩ።

"ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ገና በሕይወት እያለሽ ሰውየውን በየቀኑ ትቀብሪዋለሽ?"

"እኔ እያለሁ ያልቅስ፣ ዶንካ። አሁን ሲያለቅስ የማባብለው እኔ ነኝ" አሉኝ።

ተቆጥቼ ሦስት ሳምንት ደጃፋቸውን አልረገጥኩም። በጁን መጨረሻ ስመለስ ሚንኮ ወጥ ቤት ተቀምጦ የተጠበሰ ቃሪያ ይልጣል። ወይዘሮ ራይና ከአልጋቸው ሆነው ጠየቁት፤ ሦስቱንም ዐረፍተ ነገር አንድም ሳያጎድል ተናግሮ "ጨው የት ነው?" አለ። አላለቀሰም። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም፤ ወንድሜ ድንጋይ የሆነ መሰለኝ። ይህንኑ ለወይዘሮ ራይና ነገርኳቸው። "ቃሉ ገብቷል፤ እኔ የፈለግሁት እሱን ነው" ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያን ቀን ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

የሞት ማስታወቂያቸውንም ራሳቸው ጻፉት፤ ፎቶግራፋቸውንም መርጠው ቀኑን ብቻ ክፍት ተዉት። እንደ ልማዳችን በግቢው በርና በአውቶቡስ ፌርማታው ላይ እንዲለጠፍ፣ አንዱ ግን በወጥ ቤቱ በር ላይ በሚንኮ ዓይን ትይዩ እንዲሆን፣ በአርባ ቀንና በዓመቱም እንዲታደስ አዘዙ።

ወይዘሮ ራይና ሃሪዛኖቫ ኦክቶበር 3 ቀን 2023 በተወለዱ በ74 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ሚንኮን፣ ልጃቸውን ኔዳን፣ የልጅ ልጃቸውን ቦያንን እና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ጨርሼው ነበር። ቀጥሎ ያለውን የጨመርኩት አስከሬኑ ከቤት በወጣ ማግስት ጠዋት ነው። ማስታወቂያው እንደታዘዝነው በወጥ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሚንኮ ሲነሣ በላዩ ያለውን ፎቶግራፍ ማየቱ አንጀቴን በላውና ማንም ሳያየኝ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። ሚንኮ ተነሣ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የተነጠፈውን አልጋ ዐየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እስኪጠይቀኝ እንኳ አልጠበቅሁም።

"ራይና ገበያ ወጥታለች፣ አሁን ትመጣለች" አልኩት።

መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

"አይ ዶንኬ። አልጋው ባዶ ነው። ራይና ሞታለች። ካሎፈር፣ እናቷ አጠገብ ትቀበራለች" አለኝ። ከዚያ ወንበር ስቦ፣ "ማንም አልነገረሽም እንዴ? ነይ፣ ቁጭ በይ" አለኝ። ውኃም ቀዳልኝ።

ዛሬ በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ሚንኮ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልታጽናኑት ስትቀርቡ እሱ ራሱ ይነግራችኋል፤ ምናልባት ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። እባካችሁ አታቋርጡት፣ ሌላ ነገርም አትንገሩት። ትክክል ነው።

የራይናን ነፍስ እግዚአብሔር በሰላም ይቀበልልን፤ ለሚንኮም ቃሉን ያቆይለት። አሜን።