አባቴና የጭላዳዋ መጽሐፍ

ውድ አባባ፣

መነጽርዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ ትተውት ሄደው ነበር። አራት ወር ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ከረመ። ቀደም ብዬ ወደ ዛሪማ በሚወርድ መኪና ልሰድልዎ እችል ነበር፤ ዕቃዎን ብቻ መልሼ ዝም ማለት ግን ነውር ሆነብኝ። አሁን የምለውን ስላወቅሁ ሁለቱን አንድ ላይ ላክሁ። መነጽሩን ያድርጉና እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

አክስቴ ዓለምዬ ከሐዘኗ ትንሽ ቀለል አላት? ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ናትና ሊያግዟት ዛሪማ መውረድዎን የነገሩኝ ጎረቤቶች ናቸው። እርስዎ አልነገሩኝም። ደባርቅን አቋርጠው፣ የተከራየሁበትን ቤት በር አልፈው ሊማሊሞን ሲወርዱ፣ ቆም ብለው "አለሽ ወይ?" አላሉኝም። አልፈርድብዎትም። እኔ ብሆንም ያን በር አላንኳኳም ነበር።

መጽሐፌ "የገደሉ ጎረቤቶች" የተመረቀ ዕለት ከቡይት ራስ በጠዋት የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው መጡ። የታጠበ ጋቢዎን ለብሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አጠገብዎ ላለው ሰው ሁሉ "ሥዕሉን የሳለችው የኔ ልጅ ናት፤ ጽሑፉም የሷ ነው" ሲሉ እሰማ ነበር። ልጆቹ በየተራ እየተነሡ አንድ አንድ ገጽ አነበቡ። ጭላዳ ዝንጀሮዋ ልጇን ታቅፋ ከገደሉ ስትወጣ የሚያሳየው ገጽ ላይ ሁሉም አጨበጨቡ። ቀጣዩ ገጽ ለኑራ ደረሳት። ኑራ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ ናት፤ ያየችውን ነገር ሳትጠይቅ የማታልፍ ልጅ። የደረሳት ገበሬው ወንጭፉን አንሥቶ ወደ ጭላዳዋ ሲያነጣጥር የሳልሁበት ገጽ ነው። ከማንበቧ በፊት ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችና፣

"መምህርት፣ የዚህ ሰውዬ አንዱ ዓይኑ የት ሄደ?" አለችኝ።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። "በጎን ስለቆመ ነው" ለማለት አፌን ስከፍት እርስዎ ቀደሙኝ። ድምፅዎን ሳያነሡ፣ ለእሷ ብቻ እንደሚነግሩ ሁሉ፣

"የለውም ልጄ። ክፉ ሰው ሲሳል እንዲህ ነው" አሏት።

ከዚያ ተነሥተው ወጡ። ልጆቹ ነገሩ አልገባቸውም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ትልቅ ሰው ሁሉ ግን ገብቶታል። እኔንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በንግሥ ቀን እጄን ይዘው ግድግዳውን እያስዞሩ፣ "እዪ፣ እነዚህ በሁለት ዓይናቸው የሚያዩሽ ጻድቃን ናቸው፤ ፊታቸውን አይሰውሩም። እነዚያ በጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው ደግሞ ከሃዲዎችና አጋንንት ናቸው" ይሉኝ ነበር። እርሳስ መያዝ የጀመርሁት ያንን ግድግዳ ለመቅዳት ነው።

ባልደረቦቼ "ሳታስቢው ነው እንዲህ የሳልሽው" አሉኝ። "አዎ" አልኋቸው። ዋሸሁ። አባባ፣ አስቤበት ነው። ለጭላዳዋ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰጥቼ ለሰውዬው አንድ ብቻ ሳልሁለት። ክርኑ ላይ የተጣፈውን ካፖርትዎን እንኳ አልቀየርሁትም። እርስዎ መሆንዎን እርስዎ ብቻ እንዲያውቁት ፈልጌ ነበር።

ለምን እንደሆነም ያውቃሉ። ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ፤ አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅምና።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ገብሱ ደርሷል። ከማማው ሥር ተቀምጬ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሲወጡ እቆጥራለሁ። ጆሮዋ የተሰነጠቀችውን እናት ከሁሉም ለይቼ አውቃት ነበር። ልጇ እንደ አዲስ የተወለደ ጭላዳ ሁሉ ገና ጥቁር ነው፤ ከደረቷ ተጣብቋል። ማሳው ውስጥ ሲገቡ ጮኹባቸው፤ አልሰሙም። ጅራፉን አጮኹት፤ አልሰሙም። ወንጭፉን አዙረው ለቀቁት። ድንጋዩ ልጁን አገኘው። ሌሎቹ ወደ ገደሉ ሲሸሹ እሷ ተመልሳ አነሣችው። አራት ቀን ተሸክማው ዞረች። ሣር ስትነጭ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች፤ ስትነሣ ታነሣዋለች። ዝንቡን በእጇ ታባርርለት ነበር። በአምስተኛው ቀን ባዶ እጇን መጣች።

እኔ ቃል አልተነፈስሁም። እርስዎም አልተናገሩም። ዝምታዎን "ምንም አልመሰለውም" ብዬ ተረጎምሁት፤ አሥራ ስምንት ዓመትም ይዤው ኖርሁ። መጽሐፉ ሽፋን ላይ "ሰውና የዱር እንስሳ እንዲተዛዘኑ" የሚል ታትሟል። እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔ የጻፍሁት ልጆች ለጭላዳዋ አዝነው እርስዎን እንዲጠሉልኝ ነው።

ዛሪማ በወረዱ በሳምንቱ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ደወሉልኝ። የእርስዎና የእሳቸው ማሳ በአንድ የድንጋይ ካብ ብቻ እንደሚለያይ መቼም አልነግርዎትም። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ፣

"ያባትሽ ገብስ ጠባቂ የለውም" አሉኝ። "እስከ ዐርብ እኔው አየዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም፣ የራሴም አለብኝ። መጽሐፍ ጽፈሽ ለጭላዳ አዝነሻል አሉ። እስቲ መጥተሽ ደግሞ ለገብሱ እዘኚለት።"

ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። ወንጭፍዎ ማማው ላይ ተሰቅሏል፤ አልነካሁትም። ጩኸትና ጭብጨባ ይበቃል ብዬ ነበር። ረፋድ ላይ መጡ። መቶ ይሁኑ ሁለት መቶ አላውቅም። መጀመሪያ ሣሩ ላይ ተቀምጠው እኔን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ አንዱ ጎፈሬያም ወንድ ካቡን ዘለለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በዚህ በኩል ሳባርር በዚያ ይገባሉ። በዚያ ስሮጥ በዚህ ይመለሳሉ። ዛላውን በሁለት እጃቸው እየሳቡ፣ እየላጡ፣ ሳይቸኩሉ ይበሉታል። ድምፄ ተዘጋ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። እኩለ ቀን ሳይሆን በላይኛው በኩል ያለው እርከን አገዳ ብቻ ቀረ። እርስዎ በሰኔ ዝናብ የዘሩት፣ በነሐሴ ጭጋግ ያረሙት እርከን።

ያን ጊዜ ከካቡ ላይ ድንጋይ አነሣሁ። ማነጣጠሬን አስታውሳለሁ። ልጅ የታቀፈች እናት ነበረች፤ ያንንም አይቻለሁ። ወረወርሁት። ከእሷ አንድ ክንድ ርቆ ቋጥኝ ላይ ተፈረካከሰ። ልስታት አልፈለግሁም፣ አባባ። ልመታት ነው የፈለግሁት። ስላልቻልሁበት ብቻ ሳትኋት።

እዚያው ካቡ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከወዲያ ማዶ አይተውኝ ኖሮ መጡ።

"ድንጋይ ትወረውሪያለሽ እንዴ?" አሉኝ። "አባትሽ እንኳ ከተወው ስንት ዘመኑ!"

"ምኑን ነው የተወው?"

"ድንጋዩን ነዋ። ያቺ ጆሮ ስንጥቋ ልጇ ከሞተባት ወዲህ አባትሽ ኪዳነ ማርያም ድንጋይ በወንጭፍ አስገብቶ አያውቅም። የደረቀ የአፈር ጓል ነው የሚወነጭፈው። ጓል ቢያገኛቸው ይፈርሳል እንጂ አይገድልም። ሩቅም አይሄድም። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ከሁላችን ይልቅ የሱ ገብስ ነው የሚበላው። የሀገሩ ሰው ሲስቅበት ኖሯል።"

"እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ?"

"ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?"

አባባ፣ ያንን ጓል እኔ ራሴ በቅርጫት አመላልሻለሁ። በእርሻ ጊዜ ጠንካራ ጠንካራውን እየመረጡ ማማው ሥር ሲያስከምሩኝ ማሳውን የሚያጸዱ ይመስለኝ ነበር። አሥር ዓመት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ በእጄ ይዤዋለሁ፤ ምን እንደያዝሁ ግን አላውቅም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወንጭፍዎን አወረድሁ። ጓሉን ከተከመረበት አነሣሁ። እስከ አጨዳ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበቅሁ። ሌላውን ቀን እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ያዙልኝ። ከግማሽ በላዩን አትርፈናል፤ ተወቅቶ ጎተራዎ ውስጥ ገብቷል። እጄም ለምዷል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከጎፈሬያሙ ፊት ለፊት ጓል አፈርስ ነበር፤ እሱም ቅር እያለው ይመለስ ነበር።

ሥዕሉንም እንደ አዲስ ጀመርሁ። ከክፍል በኋላ ሦስት ወር ሠራሁት። ገበሬውን ወደ አንባቢው አዞርሁት። የተበላውን እርከን ሳልሁ፤ ግማሽ የሆነውን ጎተራ ሳልሁ። ድንጋይ አስቀምጦ ጓል የሚያነሣ እጅ ሳልሁ። ጭላዳዋን አልነካኋትም፤ እሷ መጀመሪያም ትክክል ነበረች። ሲያልቅ ረቂቁን ይዤ ቡይት ራስ ወጣሁና ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ለልጆችም ለወላጆችም አነበብሁላቸው። አንዱዓለም መጥቶ ነበር፤ የመጀመሪያውን "የቱሪስት መጽሐፍ" ብሎ የጣለው ያ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ገበሬ። እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ።

"አሁን የኔም ማሳ ገባበት" አለ። ከዚያ ግን አልለቀቀኝም። "ይሁንና እሷ ገብሱን ከበላች እኔ ምን እበላለሁ? ይኼ መጽሐፍሽ ላይ የለም።"

"የለም" አልሁት። "መልሱን አላውቀውም፤ የማላውቀውን አልሳልሁም።"

"እንግዲያ ጥያቄውን ጻፊው" አለኝ። ጻፍሁት። ገጽ ሃያ ላይ በእሱ ቃል ሰፍሯል።

ደባርቅ ስመለስ ለኑራ አሳየኋት። እሷ ካላሳለፈችው መጽሐፉ አለቀ አልልም። ገጽ በገጽ፣ ጣቷን እያስኬደች አየችው። ጭላዳዋ የሞተ ልጇን ተሸክማ በካቡ አጠገብ የምታልፍበት ቦታ ስትደርስ ቆመች።

"ሰውዬው ይቺ ላይ የለም።"

"የለም።"

"ስታልፍ አላያትም? ምን አደረገ?"

አባባ፣ እነዚያን አራት ቀናት እኔ ያየሁት እሷን ብቻ ነው። የእሷን ፊት ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችላለሁ። እርስዎ አጠገቤ ነበሩ፤ ዘወር ብዬ ግን አላየሁዎትም። ተቀምጠው ነበር? ቆመው ነበር? ፊትዎ ምን ይመስል ነበር? ልጇን የት እንዳስቀመጠችውስ ተከትለው አይተዋል? እትዬ ወለተ ጊዮርጊስን ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም አያውቁም። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። ለማተሚያ ቤቱም አንድ ገጽ ስለሚቀረኝ እንዳይጀምር ነግሬዋለሁ።

ይቅርታዬን በወረቀት አልጨርሰውም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያዋረድሁዎትን እርስዎን፣ ፊት ለፊት ቆሜ ነው ይቅርታ የምጠይቀው። አዲሱ መጽሐፍም ሲመረቅ በዚያው አዳራሽ፣ በእነዚያው ልጆች ፊት፣ የመጀመሪያውን ለምን እንደዚያ እንደሳልሁት እናገራለሁ። እርስዎ ቢመጡም ባይመጡም እናገረዋለሁ። ቢመጡልኝ ግን ደስታዬ ነው።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ሊማሊሞን እወርዳለሁ። ለአክስቴ ዓለምዬ ከራስዎ ገብስ በሶ አስፈጭቻለሁ። ወረቀትና እርሳስ ይዣለሁ። እነዚያን አራት ቀናት ያዩትን እስኪነግሩኝ ድረስ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። ዝም ቢሉኝም አልቸኩልም፤ ለሰኞና ለማክሰኞ ፈቃድ ወስጃለሁ።

ልጅዎ
አመተ ማርያም
ደባርቅ፣ የካቲት