ወላጅ ይዘሽ ነይ ያልኳት ልጅ

ብርቄ፣ ሆዴ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ቤቱ እንዳለ ነው፤ የተቀየረው የበረንዳው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ዝናብ ስለማያስገባ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ትምህርት ላቋረጡ አምስት ልጆች ሒሳብ አስተምራለሁ። ጡረታ ስትወጣ ታርፋለህ ትይኝ ነበር። አላረፍኩም።

ከአምስቱ አንዷ ቢፍቱ ናት። ከሁሩሙ በሚኒባስ እየተመላለሰች ስትማር አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ አቋረጠች፤ አሁን መቱ ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ለምን እንዳቋረጠች ሦስት ቅዳሜ ጠየቅኋት፤ በየጊዜው ወሬ ትለውጣለች።

ባለፈው ሰኞ ላስመዘግባት አብረን ትምህርት ቤት ሄድን። መዝጋቢው የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝና በትሕትና አንድ ወረቀት አሳየኝ። ያቋረጠ ተማሪ ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ቀርቦ ካልፈረመለት አይመለስም ይላል። ዩኒት መሪ ሳለሁ ያረቀቅሁት ደንብ ነው፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር የእኔ። ቢፍቱ እናትና አባት የላትም፤ ያሳደጓት አያቷም ዓምና አርፈዋል። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። መዝጋቢው እርስዎ ያስተማሩንን ነው የምንሠራው ጋሼ አለኝ።

ከግቢው ስንወጣ ነገረችኝ። አርፍዳ ስትመጣ ከበር ላይ ወላጅ ይዘሽ ነይ ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። እኔ ረስቼዋለሁ።

«መጀመሪያ ሲመልሱኝ እትዬ ብርቄ አዳዳዋ ነኝ፣ የአባቷ እህት ነኝ ብለው ተረኛው መምህር ዘንድ ፈረሙልኝ» አለችኝ። «ሁለተኛ ሲመልሱኝ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አያቴ ከአልጋ አይነሡም። ማንን ላምጣ ጋሼ?»

ብርቄ፣ እኔ ክፍል ገብቼ ሳስተምር አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ ለስንቱ ልጅ አክስት ሆነሻል? ተረኛ መምህራኑ ሁሉ ያውቁ ነበር አሉ። ራት ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላልሽም። ብትነግሪኝ እንደምከለክልሽ ታውቂ ነበር።

ሐሙስ ብቻዬን ተመለስኩ። ቅጹ ላይ «ዝምድና» የሚል ባዶ ቦታ አለ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያላረጋገጥኩትን ነገር ጽፌ አላውቅም። መዝጋቢው ቀና ብሎ አላየኝም። «የአክስቷ ባል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ቢፍቱ ተመዝግባለች። እኔ ግን እዚያው በር ላይ እንደቆምኩ ነኝ። አንቺ በታመምሽባቸው ወራት ከመለስኳቸው ልጆች አንዳቸውንም አላስታውስም። የባጃጅ ሾፌሩ በመስተዋት ሲያየኝ፣ ማር ሻጯ ሰላም ስትለኝ፣ ከእነሱ አንዷ ትሆን፣ አንዱ ይሆን እላለሁ፤ እስካሁን ግን አንዱንም አልጠየቅሁም። ቢሆንም እጠይቃቸዋለሁ። መማር የሚፈልግ ካለ ዘመዱ ነኝ ብዬ እፈርማለሁ። አንቺን የማስብበት ሌላ መንገድ አላውቅም።

ባልሽ