ጨርቁን ሰጥቶ ጫፉን መያዝ

ጥቅምት 4

ጎረቤቴ ጡረተኛዋ አስተማሪ ዛሬ በእግራቸው ደረጃ ወረዱ። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል፤ ምርኩዙን ግን አልጣሉም። "ሰው ወንበር ይለቅልኛል" አሉ። ብልጥ! ሴት ልጃቸው መንታ ወልዳለች፤ ወንዱ አሁንም ሥራ እያማረጠ ነው። ደህና ናቸው ማለት ነው።

እኔም እንደ ወትሮው "ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ፈቃድህ ይሁን" ብዬ ልብስ መስፊያ ሱቄን ከፈትኩ። የስፌት መኪናዬ እንኳ ይህችን ጸሎት በቃሏ ሳታውቃት አትቀርም።

ማታ ልጄ ከሆስፒታል ሥራዋ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች... ነገር እንዳለ ገባኝ። ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቷል፤ ነርስ ይፈልጋሉ፤ እሷን መርጠዋል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ተብላለች።

"እማዬ፣ ምን ትያለሽ?"

"እንጸልይበት" አልኩ።

አማኝ እምቢ ማለት ሲያፍር የሚላት ቃል ናት። አባቷ ካረፈ ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን... ፈቃድህ ይሁን ስል ይሄንንም ማለቴ ነበር እንዴ?

ጥቅምት 6

የጸሎት ቡድናችን እኔ ሱቅ ተሰበሰበ። "ስሙን የማልጠራው ጉዳይ አለ፤ እግዜር በሩን እንዲዘጋው ጸልዩልኝ" አልኩ። መሪያችን እትዬ ደወል ትክ ብለው አዩኝ። ደወል ያልናቸው ድምፃቸው ግድግዳ ስለሚሻገር ነው።

"የምን በር ነው ልጄ?"

"እሱ ያውቀዋል።"

"እሱማ ያውቃል፤ ያላወቅኩት እኔ ነኝ።"

ግን ጸለዩ። "ዝጋው ጌታ ሆይ፣ ዝጋው!" ጣሪያው ተነቃነቀ። አሜን ስል ከሁሉም ቀደምኩ። ለእግዜር ሥራውን ማስተማር ነውር ነው ይላሉ... ማስታወስ እኮ ሌላ ነው። አይደለም?

ጥቅምት 7

ቁልፌ የሱቁ በር ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ግማሽ ቀን ውጭ ተገተርኩ። ጌታዬ... ይሄኛውን በር አላልኩም።

ጥቅምት 10

ልጄ "ለማንኛውም" ብላ ነጭ የሥራ ጋውን እንድሰፋላት ጨርቅ አመጣች። ለማንኛውም! እየለካኋት ሳለሁ፣ "የዚያ ከተማ ብርድ አጥንት ይሰብራል አሉ" አልኳት።

"ማን አለ?"

"ሰው።"

"የትኛው ሰው?"

"ምነው፣ እኔ ሰው አይደለሁም?"

ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ... ከዚያ ፊቴን አዙሬ መርፌ የምፈልግ መሰልኩ።

ጥቅምት 13

አንዲት ደንበኛ አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ መጣች። "እንደ ወደድሽ ስፊው፤ እጅሽን አምነዋለሁ" አለች። ደስ አለኝ። ጨርቁን ዘረጋሁ፣ መቀሱን አነሳሁ... ሴትዮዋ ጫፉን ይዛዋለች! "እዚህ ጋ ጠበብ... አይ ሰፋ... ቆይ ቆይ" እያለች ትጎትታለች። መቀሱ አዳለጠኝና የእጅጌው ጨርቅ ተበላሸ።

"የኔ እመቤት፣ ወይ ጨርቁን ልቀቂ፣ ወይ መቀሱን እንኪ!"

አልኩና አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

"ምነው ደነገጥሽ?"

"ምንም... እንዳንቺ ያለች አንዲት ሴት ትዝ ብላኝ ነው።"

እኔ እኮ ነኝ። ጠዋት ጠዋት "ያንተ ነው" ብዬ ለጌታ ዘርግቼለት፣ ቀኑን ሙሉ ጫፉን ጨብጬ የምጎትተው። ስንት እጅጌ አበላሽቼበት ይሆን?

ቀሚሱን በአጭር እጅጌ ሠርቼ አወጣሁት። "እኔም እንዲህ ነበር ያሰብኩት" አለች፣ አታፍርም። ጌታዬ፣ ገብቶኛል። ሌላ ደንበኛ አትላክ።

ጥቅምት 14

ጠዋት ተንበረከክሁ። "ልጅቷም ያንተ ናት" አልኩ። "ግን..." ልል ስል ምላሴን ነከስኩ። ሰላም ይመጣል ይላሉ። ለእኔ የመጣው ለቅሶ ነው፤ ሰላሙ መንገድ ላይ ይሆናል።

እራት ላይ "ሂጂ" አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ጸለይሽበት?"

"ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ እንድትቀሪ፣ ቀጥሎ ከልቤ።"

ተንሰቅስቃ አቀፈችኝ። ለካ እሷም ለእትዬ ደወል የጸሎት ርዕስ ሰጥታ ኖሯል! "እናቴ በገዛ አፏ ሂጂ ካላለችኝ ንቅንቅ አልልም፤ ጸልዩልኝ" ብላ። እና ሴትዮዋ ሁሉን እያወቁ ነው "የምን በር" ያሉኝ? ነጠላ ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላጠልቅ ቤታቸው ሄድኩ።

"እትዬ፣ ለማን ነው የጸለዩት? ለእኔ ነው ለእሷ?"

"ለሁለታችሁም። መምረጥ የእኔ ሥራ ነው እንዴ? ድምፄ እንደሆነ ለሁለት ይበቃል።"

ጥቅምት 27

ሸኘኋት። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ እጄን አውለበለብኩ። ከታጠፈም በኋላ።

ኅዳር 2

"ፈቃድህ ይሁን" ብዬ ዝም አልኩ። ድሮ ምክር የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር። ዛሬ ምክር የለኝም... እሺ፣ ትንሽ አለኝ፤ ግን አልተነፈስኩም።

ልጄ ደውላ ብርዱ እውነት ነው አለችኝ። ዋሽቼ እውነት መናገሬ ነው።

አመሻሽ ላይ እትዬ ደወል መጡ። ከኋላቸው ትልቅ ሻንጣ፣ ከሻንጣው ኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ። በልጄ ቦታ ከሩቅ አገር ተዛውራ የመጣች ነርስ ናት፤ ማደሪያ አላገኘችም።

"ባዶ ክፍል አለሽ አይደል?"

ባዶ አይደለም፣ የልጄ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ግቢ የኔ ልጅ" የሚል ሆነ።

"እኔ እኮ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት" አሉ እትዬ ደወል፣ ቅር እንዳላቸው ሁሉ።

ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት። ማደሪያ ማግኘቷን ነገረቻት። "ያስጠጋችሽን ሴት አገናኚኝ" ስላለቻት ስልኩን ሰጠችኝ።

"እህቴ" አለችኝ ሴትዮዋ። ድምጿ ሻክሯል። "እንዳትሄድብኝ ብዬ ስንቱን አስጸልዬ ነበር መሰለሽ! እሱ ግን ላንቺ ሰጣት። በይ እንግዲህ... እራት ሳትበላ እንዳታስተኛት።"