በኮሌጁ ያልተማረችው መምህርት እና የሸክላው ካርታ

ለሐይቅ ዳር የመምህራን ኮሌጅ ዲን
ለክቡር አቶ ዝናው
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለኮሌጁ መዝገብ ቤት ደግሞ የማያፈስ ጣሪያ እንዲሰጥ እየለመንኩ፣ እንኳን ለአርባኛው የምሥረታ በዓል አደረሳችሁ እላለሁ። እኔ መስኡዳ ሙዘይን በአምባሰል ሠላሳ ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማርኩ፣ እንደ እኔ እምነት በ1981 ዓ.ም. ከዚሁ ኮሌጅ፣ ያኔ ማሠልጠኛ ተቋም ሳለ፣ የተመረቅኩ ነኝ። እንደ እናንተ አባባል ግን አልተመረቅኩም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ወረዳው የመምህራንን ማስረጃ ሲያጣራ ስለ እኔ ላቀረበላችሁ ጥያቄ በሦስት ቀን ውስጥ «በዚህ ስም የሠለጠነ የለም» ብላችሁ ስለመለሳችሁ አመሰግናለሁ። መሥሪያ ቤት እንዲህ ሲፈጥን በዕድሜዬ አላየሁም። የዚያ ዓመት ማህደሮች ዝናብ ገብቶባቸው መበስበሳቸውን አለመጥቀሳችሁም ደብዳቤውን አጭርና ግልጽ አድርጎታል። እኔም እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልተረጋገጠልኝ በሐሰተኛ ሰርተፍኬት ስታስተምር የኖረች ተብዬ ከክፍሌ እወጣለሁ።

ሁለተኛ፣ መዝገብ ቤት ስቀርብ ስለተደረገልኝ አቀባበል። እዚያ ያለው ወጣት ሰርተፍኬቴን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ካየ በኋላ፣ እትዬ ምናልባት ሌላ ቦታ ተምረው ረስተውት ይሆናል ብሎ አጽናናኝ። የመኝታ ቤቱ ጣሪያ ገና ስላልተመታ ሸራ ሥር ማደራችንን፣ የትምህርት መርጃ ለመሥራት ከአርዲቦ ሐይቅ ድረስ የሸክላ አፈር በጀርባችን መሸከማችንን ግን እስካሁን መርሳት አቅቶኛል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ የደስታ ነው እንበል። ለበዓሉ በከፈታችሁት ዐውደ ርእይ መሀል፣ በመስታወት ውስጥ፣ አንድ የሸክላ የኢትዮጵያ ካርታ አየሁ። ከሥሩ «ባልታወቀ የአካባቢው ባለሙያ የተሠራ» ይላል። በካርታው ላይ የእኛ ሐይቅ ከጣና ይበልጣል። መምህሬ ለዚህ ጥፋት ሁለት ማርክ ቀንሰውብኛል። ባልተማረችበት ኮሌጅ ማርክ የተቀነሰባት ሴት ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም።

ክቡር ሆይ፣ የሚያመኝን ልንገርዎ። ፊደል ያስቆጠርኳቸው ልጆች፣ ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ክፍሌ የሚመጡት፣ መምህርታችን አታለለችን እንዲሉ አልፈልግም። ሌላው ሁሉ ይቅር።

ውድ ጊዜዎን ከበዓሉ ዝግጅት ቀንሰው ይህን ስላነበቡልኝ እጅ እነሳለሁ።

በኮሌጅዎ ያልሠለጠነች፣ ሥራዋ ግን በኮሌጅዎ የሚጎበኝላት፣
መስኡዳ ሙዘይን
አምባሰል፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በዘመናችን ስም የሌለው ሥራ ማርክ አይያዝለትም ነበርና፣ ሁላችንም ሸክላው ሳይደርቅ ከጀርባው ስማችንንና ዓመቱን በሚስማር እንጽፍ ነበር። ካርታውን ከግድግዳው ጋር አጣብቃችሁ አቁማችሁታል። መስታወቱ እንዲከፈትልኝ ብለምን ቅርስ መንካት ክልክል ነው ተባልኩ። እኔ ስለተከለከልኩ፣ ከሰኔ ሠላሳ በፊት እባክዎ እርስዎ ያዙሩት።